ዕፅ ይዞ ስለ መገኘት ክስና ስለ ጠበቃ አፈላለግ

(በተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሕግ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ኅብረታችን ከሚያዘጋጃቸው ንግግሮች የዛሬው ተራ ለሕግ ኮሚቴው በደረሰ ጊዜ፥ ምን ብንናገር ለተማሪው ይጠቅማል ብለን ተመካክረን ነበር። ከእኛ ውስጥ አንዳንዱ ስለ ሕገ መንግሥት ታሪክ፥ አንዳንዱም ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ይሁን ብሎ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን አንድ ተማሪ ዕፅ ይዘሃል ተብሎ በተያዘ ጊዜ፥ መኝታ ቤቱ ሁሉ ሲጠያየቅ የሰማነው ጥያቄ ሌላውን አርእስት ሁሉ አስተወን። ጥያቄውም «አሁን ምን ይደረጋል? ለማንስ ይነገራል?» የሚል ነበር። ስለ ሒሳብ፥ ስለ ምሕንድስና፥ ስለ ሕክምና ብዙ የሚያውቁ ጓደኞቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው፥ እንዲህ ያለ ክስ የደረሰበት ሰው ሕጉ ምን እንደሚለው፥ ምን መብት እንዳለው፥ ጠበቃስ ከወዴት እንደሚያገኝ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የመጣነው ዕፅን ለማመስገን አይደለም። አደንዛዥ ዕፅ ስንቱን ተስፋ ያለው ወጣት ከትምህርቱም ከጤናውም እንዳጎደለ በዓይናችን የምናየው ነገር ነው። የእኛ ነገር ሌላ ነው። የተከሰሰ ሰው ሁሉ የተፈረደበት ሰው አይደለም። የተፈረደበትም ቢሆን የሚገባውን ያህል እንጂ ከሚገባው በላይ ሊቀጣ አይገባም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው የተረቱት ይህንኑ ሲያስረዱ ነው።

1ኛ፤ ሕጉ የሚከለክለው ምንድን ነው?

በአገራችን በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፥ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚናገረው አንቀጽ 525 ነው። ይህ አንቀጽ ያለ ፈቃድ መትከልን፥ ማምረትን፥ ወደ አገር ማስገባትን፥ ወደ ውጭ መላክን፥ ማጓጓዝን፥ ማከማቸትን፥ መሸጥን፥ ማከፋፈልን፥ እነዚህንም የመሳሰሉትን ሥራዎች ይዘረዝራል። በንኡስ አንቀጽ 1 የተመለከተው ቅጣት ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ነው። ጽኑ እስራት የሚባለው ደግሞ በሕጉ አንቀጽ 108 መሠረት እስከ 25 ዓመት ሊደርስ የሚችል ነው። ነገሩ በቡድን ወይም በሌላ አክባጅ ሁኔታ የተፈጸመ እንደ ሆነ ቅጣቱ ከዚህ ይብሳል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንቀጹ ውስጥ ያሉት ንኡሳን አንቀጾች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቅጣታቸውም ይለያያል። ስለዚህ አንድ ተማሪ በአንቀጽ 525 ተከሰሰ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በየትኛው ንኡስ አንቀጽ?» የሚል መሆን አለበት። ለራሱ ሊያጨስ በወረቀት የጠቀለለ ሰውና በመኪና ጭኖ የሚነግድ ሰው በሰው አፍ «ዕፅ ይዘው የተገኙ» ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ በሕግ ፊት ግን የእያንዳንዱ ሥራና የእያንዳንዱ አሳብ ለብቻው መመርመር አለበት። ይህን ልዩነት ለይቶ የሚከራከር ሰው ከሌለ፥ ትንሹ ነገር የትልቁን ስም ይዞ ሊቀር ይችላል።

ስለ ጫት የሚጠይቀን ብዙ ነው። ጫት በአገራችን ሕግ የተከለከለ ዕፅ አይደለም፤ በገበያ ይሸጣል፥ ቀረጥ ይከፈልበታል፥ ወደ ውጭም ይላካል። የአገር ድንበር ሲታለፍ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። እንደ ሞርፊን፥ እንደ ፔቲዲን፥ እንደ ዲያዜፓም ያሉት በሐኪም ልዩ ማዘዣ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ የተገኘ መድኃኒት የያዘ ተማሪ ማዘዣውን ወይም ቅጂውን ከመድኃኒቱ ጋራ ቢያኖር ከብዙ ጣጣ ይድናል።

2ኛ፤ ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው?

ብዙ ሰው «ዕፁ በእጁ ከተገኘ አለቀለት» ብሎ ያምናል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 መሠረት አንድ ሥራ ወንጀል ነው ለመባል ሦስት ነገሮች፥ ማለት ሕጋዊው፥ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር፥ በአንድነት ሊገኙ ይገባል። ሕጋዊው፥ ሥራው በሕግ የተከለከለ መሆኑ ነው። ግዙፋዊው፥ ሰውዬው ያን ሥራ በእርግጥ ማድረጉ ነው። ሞራላዊው ደግሞ፥ ያደረገው አውቆና አስቦ መሆኑ ነው። በቸልተኝነት የተደረገ ነገር የሚያስቀጣው ሕጉ ይህንኑ በግልጽ የደነገገ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን አንቀጽ 59 ያስረዳል።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ማለት ነው? በአንድ መኝታ ክፍል ስድስትና ስምንት ሆነን እንኖራለን። አንዱ ካፖርት ሌላው ይለብሰዋል፥ የአንዱ ሻንጣ ከሌላው አልጋ ሥር ይቀመጣል፥ የሎከር ቁልፍም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ጥቅል ቢገኝ፥ የማን ነው? አልጋው አጠገብ የተገኘበት ሰው ስለ ጥቅሉ ያውቅ ነበርን? ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት ይህን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ስለዚህ ማወቁን የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ላይ እንጂ በተከሳሹ ላይ አይደለም።

ይሁን እንጂ «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለት መከላከያ አይሆንም። ጥቅሉ ውስጥ ዕፅ መኖሩን አለማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ዕፁ የተከለከለ መሆኑን አለማወቅ ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የስንት ዓመት እስራት ልዩነት ነው።

3ኛ፤ ከመያዝ እስከ ፍርድ ቤት

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ተያዘው ጓደኛችን የሰማነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ስንቅ ለማቀበል ወደ ታሰረበት ስፍራ በሄድን ጊዜ እርሱ ራሱ እንዳጫወተን፥ የተያዘ ዕለት ማታ ደንግጦ ስለ ነበር የተጠየቀውን ሁሉ ሲመልስ፥ ያልተጠየቀውንም ሲጨምር አመሸ። በመጨረሻም ሦስት ገጽ ወረቀት ቀረበለትና ሳያነብ ፈረመ። ቤተሰቦቹ በክፍለ ሀገር ስለሚኖሩ የሰሙት በ9ኛው ቀን ነው። ጠበቃ ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ጠበቃውም የመጀመሪያውን ሰዓት ያሳለፈው ያን ወረቀት እያገላበጠና ራሱን እየነቀነቀ ነበር።

ዝም የማለት መብት የሚባለው ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለውን መብት ይዘረዝራል። የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠውም ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በዚህ ሰዓት ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ የተፈጠረ ይመስላል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውም እንደዚሁ። የመርማሪ ፖሊስን ትእዛዝ እንቢ በሉ፥ ተሳደቡ፥ ታገሉ ማለታችን አይደለም። ስምን፥ አድራሻን፥ ማንነትን በትሕትና መናገር ይገባል። ስለ ነገሩ ፍሬ ግን «ጠበቃዬን ሳላማክር ቃል አልሰጥም» ማለት በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ነውርም አይደለም። ቃል የሰጠ ሰው ደግሞ የተጻፈለትን አንብቦ፥ ያልተናገረው ነገር ከገባበት እንዲታረም ጠይቆ፥ ከዚያ በኋላ ይፈርም። የተጻፈበትን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ ሳይተረጎምለት አይፈርም።

ስለ ብርበራም አንድ ቃል እንጨምር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ብርበራ በመርሑ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሆን፥ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘም ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲፈጸም ደንግጓል። ያለ ትእዛዝ የሚፈተሽባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ብርበራ ሲደረግ የምትገኙ ተማሪዎች ልታደርጉ የሚገባችሁ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም መታዘብ። ጥቅሉ ከየት እንደ ወጣ፥ ማን እንዳገኘው፥ ማን ማን እንደ ነበረ፥ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ አስተውላችሁ በዚያው ቀን በማስታወሻ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ለምስክርነት ስትጠሩ ትዝታችሁ ይደበዝዛል፤ ወረቀቱ ግን አይደበዝዝም።

ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያው በ1954ቱ ሕግ አንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። ተያዡም በዋስ ልለቀቅ ብሎ ማመልከት ይችላል። ዋስትና በመርሕ ደረጃ መብት ነው፤ የሚከለከለው ሕግ በደነገጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ነው። ዳኛው ከሚመለከቷቸው ነገሮች አንዱ «ይህ ሰው ቢለቀቅ በቀጠሮው ይቀርባልን?» የሚለው ነው። ተማሪ መሆኑን የሚያሳይ መታወቂያና የሬጅስትራር ደብዳቤ፥ ቋሚ አድራሻ፥ ዋስ ሊሆን የሚችል ዘመድ ወይም መምህር በዚህ ጊዜ ትልቅ ዋጋ አለው። እነዚህንም ሰብስቦ ማምጣት የሚችለው ከውጭ ያለ ጓደኛ ነው እንጂ እስር ቤት ያለው አይደለም።

4ኛ፤ ክሱ ከቀረበ በኋላ

ክስ በጽሑፍ ይደርሳል። ተከሳሹ ክሱን በዝርዝር የማወቅና የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት አለው። ጠበቃ በዚህ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ ብታውቁ ጠበቃ ለምን እንደሚያስፈልግ ትረዳላችሁ። ክሱ ጉድለት ያለበት እንደ ሆነ መቃወሚያ ያቀርባል። ከዚያም እንዲህ እያለ ይጠይቃል፤ የተያዘው ነገር በእርግጥ ዕፅ መሆኑ በፎረንሲክ ምርመራ ተረጋግጧልን? ሚዛኑስ ስንት ነው? ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምርመራው ድረስ በማን እጅ ነበር፥ ታሽጎስ ነበርን? ብርበራው በሕግ የተደረገ ነውን? ምስክሮቹ ያዩት ምንድን ነው፥ የሰሙትስ? ተከሳሹ ማወቁን የሚያስረዳው የትኛው ማስረጃ ነው?

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ካበቃ በኋላ፥ ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ክሱን አላስረዳም ብሎ ያመነ እንደ ሆነ ተከሳሹ መከላከያውን ሳያሰማ በነጻ ይሰናበታል። አስረድቷል ያለ እንደ ሆነ ግን ተከላከል ይባላል። ጥፋተኛ በተባለ ጊዜም እንኳ የጠበቃ ሥራ አላለቀም። አስቀድሞ የነበረው መልካም ጠባይ፥ መጸጸቱ፥ የመሳሰለው ሁሉ በሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ስለሚችል ይህን በማስረጃ አስደግፎ ማቅረብ የጠበቃው ፈንታ ነው። ይግባኝም የጊዜ ገደብ ስላለው ፍርዱ በተነገረ ዕለት ጠበቃውን «ስንት ቀን አለን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዩኒቨርሲቲው የዲስፕሊን ኮሚቴና በፍርድ ቤቱ መካከል ያለውንም ልዩነት እወቁ። ኮሚቴው የሚመለከተው የግቢውን ደንብ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው የወንጀል ሕጉን ነው። በአንደኛው ፊት የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ በሌላው ፊት እንደ እምነት ቃል ሊቀርብ ስለሚችል፥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ጠበቃ ማማከር ይገባል።

5ኛ፤ ጠበቃ ማን ነው? እንዴትስ ይመረጣል?

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ መንገደኛም ቆሞ ነገር ይሰማ ነበር። በዚያ ዘመን አፈ ጮሌው ይረታ፥ አፉ የተሳሰረውም ይረታበት ነበር። ጠበቃ የሚለው ቃል «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይጠቃ የሚጠብቅ ማለት ነው። ዛሬ ጠበቃ በሕግ የሠለጠነ፥ ፈቃድ የተሰጠው፥ በሥነ ምግባር ደንብ የታሰረ ባለሙያ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆሙት ጠበቆች የሚተዳደሩት በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ሲሆን፥ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም የተቋቋመው በዚሁ አዋጅ ነው።

በፍርድ ቤት በር ላይ ግን ጠበቃ ያልሆነም አይጠፋም። «ዳኛውን አውቃቸዋለሁ፥ ጉዳዩን በሁለት ቀን እጨርሳለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ አለ። የጓደኛችን አጎት ከክፍለ ሀገር የመጡ ዕለት እንዲህ ያለ ሰው አግኝቷቸው ላም ሸጠው ያመጡትን ገንዘብ ከፊሉን ተቀበላቸው፤ ከዚያ በኋላም ስልኩ አልተነሣም። ስለዚህ ጠበቃ ስትፈልጉ የሚከተለውን አድርጉ።

በመጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ። እውነተኛ ጠበቃ ፈቃድህን አሳየኝ ቢባል አይቆጣም። ፈቃዱ የጸና መሆኑንና ጉዳዩ በሚታይበት ፍርድ ቤት የሚያስቆም መሆኑን ተመልከቱ፤ በክልል ፈቃድና በፌዴራል ፈቃድ መካከል ልዩነት አለና።

ሁለተኛ፥ የወንጀል ጉዳይ ይይዝ እንደ ሆነ ጠይቁ። በውርስና በንግድ ጉዳይ ስመ ጥር የሆነ ጠበቃ የወንጀል ችሎት ላይ እንግዳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ክስ ይዞ ያውቅ እንደ ሆነ፥ እርሱ ራሱ ይቆም እንደ ሆነ ወይም ረዳቱን ይልክ እንደ ሆነ ይናገር።

ሦስተኛ፥ ዋጋውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የተከፈለው ገንዘብ እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግል፥ ማለት ለዋስትናው ብቻ ነው ወይስ እስከ ፍርድ፥ ይግባኝስ ይጨምራል ወይ የሚለው ይጻፍ። ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ።

አራተኛ፥ «በእርግጥ አስፈታዋለሁ» የሚለውን ሽሹ። ደኅና ጠበቃ የሚነግራችሁ የነገሩን ጥንካሬና ድካም ነው። ውጤቱን አስቀድሞ የሚሸጥላችሁ ሰው የራሱ ያልሆነውን ዕቃ የሚሸጥ ነው። ለዳኛ ወይም ለፖሊስ የሚሰጥ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነም በአንድ ወንጀል ላይ ሁለተኛ ወንጀል ሊጨምርባችሁ ነውና ተለዩት።

አምስተኛ፥ ለጠበቃው እውነቱን ንገሩት። የተነገረውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የሚጎዳው ያልተነገረው ነው፤ ችሎት ላይ ከዐቃቤ ሕግ አፍ በመጀመሪያ የሚሰማው ነው።

6ኛ፤ ገንዘብ የሌለውስ?

ይህ ለአብዛኞቻችን ዋናው ጥያቄ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው፥ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል እንደ ሆነም መንግሥት ጠበቃ እንደሚያቆምለት ይናገራል። ይህን ሥራ የሚሠሩት በፍርድ ቤት ሥር የተቋቋሙት ተከላካይ ጠበቆች ናቸው። የተከሰሰው ሰው ችሎት ላይ «ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም፥ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» ብሎ ማመልከት አለበት። ስለ ፈራ ወይም ስለ አፈረ ዝም ያለ እንደ ሆነ የሚጎዳው ራሱ ነው። ተከላካይ ጠበቆች ብዙ መዝገብ ስለሚበዛባቸው፥ ከውጭ ያለ ጓደኛ ሰነዱን አሰናድቶ፥ የምስክሮችን ስምና አድራሻ ጽፎ ቢያቀርብላቸው ሥራቸው ይቀላል።

ከዚህ ሌላ፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለችግረኞች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር፤ ነጻ አገልግሎት በአገራችን ጠበቆች ዘንድ የታወቀ ልማድ ሆኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል።

7ኛ፤ ባሕር ማዶ ለሚሄዱ

ከእኛ ብዙዎቹ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ መሄዳቸው አይቀርም። በሻንጣ ውስጥ ለዘመድ ተብሎ የሚጨመር ጫት በእንግሊዝ አገር ከ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልክል ነው፤ በሆላንድም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በጥብቅ ከተከለከሉት ውስጥ ተመድቧል። በሳዑዲ ዓረቢያ ጫት ክልክል ነው፤ ዕፅ ማዘዋወር ደግሞ እስከ ሞት የሚያደርስ ወንጀል ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሳያውቁ የሰው ዕቃ ተሸክመው የሚያዙት ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት መሐንዲስ ወደ ቻይና ስትጓዝ፥ ጓደኛዋ አድርሺልኝ ብላ በሰጠቻት የሻምፑ ዕቃ ውስጥ ኮኬይን ተገኘ ተብላ መታሰሯ አገሩን ሁሉ ያስጨነቀ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት አንዲት የናይጄሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዳ፥ በስሟ በተመዘገበ ሻንጣ ውስጥ ትራማዶል ተገኘ ተብላ ተያዘች። በኋላ ግን ሻንጣውን በስሟ ያስመዘገቡት በአገሯ አውሮፕላን ማረፊያ ያሉ ተንኰለኞች መሆናቸው ስለ ታወቀና ሕዝቡና መንግሥቷ ስለ ጮሁላት፥ ከወራት በኋላ ተለቀቀች። ጩኸቱ ከዩኒቨርሲቲዋ ተማሪዎችም የተነሣ መሆኑን አስቡ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነውና፥ ያላሸጋችሁትን ዕቃ አትሸከሙ፤ የለመነው ሰው የቱንም ያህል ዘመድ ቢሆን ከፊታችሁ ይፈታ፥ ከፊታችሁ ይታሸግ። በሰው አገር የተያዘ ሰውም በ1963 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት መሠረት መያዙ ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል።

8ኛ፤ ኅብረቱ ምን ያድርግ?

ይህን አሳብ በኮሚቴው ስንነጋገር አንድ ጓደኛችን «ዕፅ ለያዘ ሰው ጠበቃ መፈለግ ወንጀልን መርዳት አይሆንምን? የኅብረቱስ ስም አይጠፋምን?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው የብዙዎች ስለ ሆነ ሳንመልሰው አናልፍም። የዕፅ ነጋዴ ገንዘብ ስላለው ጠበቃ ይገዛል፤ የእኛን እርዳታ አይፈልግም። ጠበቃ የማያገኘው እናቱ ጠላ ሸጣ ያስተማረችው፥ አባቱ ከአንድ ጥማድ በሬ ሌላ የሌለው ተማሪ ነው። እንግዲህ ዝም ብንል ትልቁ እየተከራከረ ሲወጣ ትንሹ ሳይከራከር ሊቀር ነው። ይህ ዕፅን መዋጋት አይደለም፤ ድኻን መዋጋት ነው። ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝም፥ ጠበቃ የሚያቆምለት ሰው በሕግ የሚገባውን ቅጣት ይቀበላል እንጂ ከሕግ አያመልጥም።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ አራት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትን፥ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉንና በነጻ ለማገልገል ፈቃደኛ የሆኑ ጠበቆችን አድራሻ የያዘ ሠሌዳ በኅብረቱ ቢሮና በየመኝታ ቤቱ መግቢያ ይለጠፍ። ሁለተኛ፥ ተማሪ ታሰረ በተባለ ቀን ሁለት የኅብረቱ አባላት ሄደው እንዲጠይቁት፥ ለቤተሰቡም በዚያኑ ቀን እንዲነግሩ ይመደቡ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በዘመዱ፥ በጓደኛው፥ በሃይማኖት አማካሪው፥ በሐኪሙና በጠበቃው የመጐብኘት መብት አለው። ሦስተኛ፥ ከየአባሉ በወር 10 ብር እየተዋጣ ለስንቅ፥ ለሰነድ ቅጂና ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ። አራተኛ፥ ሱስ የያዘው ጓደኛ ሳይያዝ በፊት ወደ ሐኪም የሚደርስበት መንገድ ይፈለግ፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ጓደኛን ወደ ሐኪም መውሰድ ወደ እስር ቤት ስንቅ ከማመላለስ ይቀላል።

ጓደኛችን ጉዳዩ ገና በቀጠሮ ላይ ስለ ሆነ ስለ ፍሬ ነገሩ የምንናገረው የለንም፤ ፍርድ የዳኞች ነው። የእኛ ፈንታ ችሎት ፊት ሲቆም ብቻውን እንዳይቆም ማድረግ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ በመጪው ረቡዕ ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። ክፍል የሌለበት ሁሉ ቢመጣ፥ በችሎቱም ውስጥ በጸጥታ ቢቀመጥ፥ ዳኞቹ ይህ ልጅ ሰው እንዳለው ያያሉ።

አሁን የቀረቡት አራት አሳቦች ለድምፅ ይሰጡልን።